ሉክላ፦ ጉም የሚያዝበት ማረፊያ

በኔፓል ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የእግር ጉዞውን የሚጀምረው ሉክላ ከምትባል የተራራ መንደር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,845 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዋ 527 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ዳገት ነው። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው 60 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከታች ገደል፣ ከላይ ተራራ።

ሜዳውን እ.ኤ.አ. በ1964 ያሠራው ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ኤቨረስትን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ነው። ለአካባቢው የሼርፓ ሕዝብ ለሚያሠራቸው ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታል ዕቃ ማድረሻ ፈልጎ ነበር። አፈሩ አልጠብቅ ሲል ሼርፓዎቹ ተሰብስበው እየጨፈሩ በእግራቸው እንደደመደሙት ይነገራል። አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ዳገቱ ራሱ ጠቃሚ ነው። ሽቅብ የሚያርፈውን አውሮፕላን ቶሎ ያቆመዋል፤ ቁልቁል የሚነሳውን ያፈጥነዋል። እዚህ የሚመጡትም እንደ ትዊን ኦተርና ዶርኒየር 228 ያሉ፣ በአጭር ሜዳ ለመነሳትና ለማረፍ የተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው።

አስቸጋሪው አየሩ ነው። በከፍታው አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም አቅም ይቀንስባቸዋል። ማለዳ ጥርት ብሎ የነበረው ሸለቆ ከቀትር በኋላ በደመናና በነፋስ ስለሚያዝ በረራው በአብዛኛው ጠዋት ጠዋት ነው። በሉክላ በጉም ውስጥ አብራሪውን እየመራ መሬት የሚያደርስ መሣሪያ የለም፤ ማኮብኮቢያውን በዓይኑ ማየት አለበት። አንዴ ከተጠጋ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ልነሳ ቢል ከፊቱ የሚጠብቀው ተራራ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2008 ከካትማንዱ 19 ሰዎችን ይዞ የመጣ ትዊን ኦተር ለማረፍ ሲቃረብ ጉም ሸፈነው። ዝቅ ብሎ መጣና ከማኮብኮቢያው ጫፍ በታች ካለው ቋጥኝ ጋር ተላተመ። የተረፈው ዋናው አብራሪ ብቻ ነበር።

ጉም ማየትን ብቻ አይደለም የሚነሳው፤ የሰውነትን ሚዛንም ያታልላል። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ አንድ ወገን ሲዞር በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ ትንሽ ቆይቶ ይረጋና አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ መብረርን ያልተማሩ 20 አብራሪዎችን ደመና ውስጥ እንደገቡ አድርጎ ፈተነ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳናቸው፤ የወሰደባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሴኮንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር የመጋጨት አደጋ ለአገራችን ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሚኪ ሌላንድ በፉኝዶ መጠለያ የነበሩትን የሱዳን ስደተኞች ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ የተነሱበት ትዊን ኦተር በክረምቱ መጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የተሳፈሩት 16 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሌላንድ በረሃብ ጉዳይ የተቋቋመው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩ።

በሉክላ መስመር የሚያበሩ አብራሪዎች ልዩ ልምድና ሥልጠና ይጠየቃሉ። ከሙያቸው ሁሉ ትልቁ ግን «ዛሬ አይሆንም» ማለት መቻላቸው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያከብድባቸው የቸኮለ ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ለመጓዝ ያሰበ ሰው ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ይያዝ፤ በረራው ሲሰረዝም አብራሪውን አይጫን።