አዲሱ የናፍጣ መኪናችሁ ተሳቢ መጎተት ሲያቅተው ምን ማድረግ ይገባል?



የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ለብዙ ዓመት ካጠራቀመው ገንዘብ አውጥቶ፣ የጎደለውንም ተበድሮ፣ አዲስ የናፍጣ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ገዛ እንበል። የተገዛበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጤፉንና ስንዴውን በሰው መኪና ከማስጫን ይልቅ በራስ መኪና ገበያ ለማድረስ፣ ሲመለስም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ለመምጣት ነው። መኪናው ለብቻው ሲሄድ ደኅና ነው። ተሳቢው በተቀጠለበት ቀን ግን ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይግላል፣ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ይቆማል።

ወደ ሻጩ ቢወሰድ «መኪናው ምንም የለበትም፤ ጭነት አብዝታችሁ ነው» ይባላል። ሾፌሩ «ሞተሩ ደካማ ነው» ይላል። የመንደሩ መካኒክ ደግሞ «ነዳጁ ነው» ይላል። እንዲህ እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ የባንኩ ዕዳ ግን አይቆምም። ከሦስቱ ትክክለኛው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በክርክር አይደለም፤ በፈተና ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለምን? እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር።

በመጀመሪያ፤ መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለት ስንት ነው?

በበሩ ጠርዝ ወይም በሻንሲው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ከመኪናው ጋር የተሰጣችሁንም መጽሐፍ ተመልከቱ። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ መኪናው ራሱ ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ነው። ሁለተኛው መኪናውና ተሳቢው ከነጭነታቸው ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ሁለተኛውን ይረሳል። እንደዚሁም መጽሐፉ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢና ለሌለው ተሳቢ የተለያየ ልክ እንደሚሰጥ አስተውሉ፤ ፍሬን ለሌለው የሚፈቀደው እጅግ ያነሰ ነው።

ከዚያ በኋላ መዝኑ እንጂ አትገምቱ። ባዶው ተሳቢ 1,000 ኪሎ ቢመዝንና 30 ኩንታል ቢጫንበት ጠቅላላው 4,000 ኪሎ ይሆናል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ይህ ተሳቢ መኪናውን ወደ ኋላ የሚስበው በ320 ኪሎ ያህል ኃይል ነው። ሌላ 10 ኩንታል ብትጨምሩ 400 ኪሎ ይደርሳል። ይህም የተሳቢው ብቻ ነው፤ መኪናው የራሱንም ክብደት ይዞ መውጣት አለበት። በሜዳ ላይ የማይሰማ ጭማሪ በዳገት ላይ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፤ የደጋውን አየር አስቡ

ናፍጣ ያለ አየር አይነድም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከኃይሉ ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ ያህል ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ይተካል፤ ነገር ግን የቱርቦው ቱቦ ትንሽ ቢላላ ወይም ቢቀደድ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ውሃም በዚሁ ከፍታ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ያህል ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን በሚገባ የማይገጥም ከሆነ ሞተሩ ቶሎ ይግላል።

ስለዚህ በደጋ ጥቂት መድከም ሁሉ በሽታ አይደለም። ሻጩ በወረቀት ያሳያችሁ የኃይል ቁጥር ለባሕር ጠለል በቀረበ አየር የተመዘነ መሆኑን አትርሱ። ይሁን እንጂ ከፍታው ለሁሉም ጉድለት ማመካኛ እንዳይሆን የሚከተለውን ፈተና አድርጉ።

ሦስተኛ፤ አራቱ ፈተናዎች

በአካባቢያችሁ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን የታወቀ ዳገት ምረጡ። መነሻውንና መድረሻውን በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ሾፌሩ አንድ ሰው ይሁን፤ ነዳጁም ከአንድ ቦታ የተቀዳ ይሁን። ፈተናው መንገዱ ደረቅ በሆነበት ቀን ይደረግ፤ አንድ ሰው በሰዓት ይያዝ።

1ኛ/ ባዶውን መኪና ያለ ተሳቢ አስወጡት።
2ኛ/ መኪናውን በልኩ ጭናችሁ ያለ ተሳቢ አስወጡት።
3ኛ/ ባዶውን መኪና ከባዶ ተሳቢ ጋር አስወጡት።
4ኛ/ ሁለቱንም በልካቸው ጭናችሁ አስወጡ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ጎማውንም፣ ነዳጁንም፣ ጭነቱንም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ቢሻለው እንኳ ያዳነውን አያውቅም።

ውጤቱ እንደሚከተለው ይተረጎማል። በ1ኛው ወይም በ2ኛው ከደከመ ጉድለቱ በመኪናው ውስጥ ነው። በ2ኛው ደኅና ሆኖ በ3ኛው ከደከመ ጉድለቱ የተሳቢው ነው፤ ባዶ ተሳቢ ከሙሉ ጭነት ቀላል ሆኖ ሳለ መኪናውን ካደከመው አንድ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። በሦስቱም ደኅና ሆኖ በ4ኛው ብቻ ከደከመ ከጭነቱ 5 ኩንታል ቀንሳችሁ ድገሙት። ጭነቱ ሰሌዳው ከሚፈቅደው በታች ሆኖ፣ ማርሹም ተቀንሶ፣ አሁንም የማይወጣ ከሆነ ነገሩ የሻጩ ነው።

አራተኛ፤ ተሳቢውን መመርመር

ባዶውን ተሳቢ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ፍቱት፤ ሸርተት ቢል የሚያግድ ድንጋይ አዘጋጁ። ክብደቱ 1,000 ኪሎ የሆነ ተሳቢ ጎማው በደንብ ተነፍቶ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሊገፉት ይችላሉ። እምቢ ካለ የእጅ ፍሬኑ በሙሉ አልተለቀቀም፣ ወይም ፍሬኑ ይዟል፣ ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል። ሌላው ምልክት ሙቀት ነው። ፍሬን ሳይበዛ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ቁሙና የእጃችሁን ጀርባ ወደየቸርኬው መካከል አስጠጉ፤ ሊያቃጥል ስለሚችል አትንኩት። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ካለ የያዘው እርሱ ነው።

ተሳቢው ባለ አንድ አክስል ከሆነ የጭነቱ አቀማመጥ ትልቅ ነገር ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 ያህሉ በመጎተቻው መንጠቆ ላይ ቢያርፍ መልካም ነው፤ ሆኖም መጽሐፉ ከሚፈቅደው አይብለጥ። ይህን ለማወቅ የተሳቢውን አንገት በማኅበሩ የእህል ሚዛን ላይ፣ ከመንጠቆው ቁመት እኩል አድርጋችሁ አሳርፉት። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ይወዛወዛል፤ የመኪናውንም የኋላ ጎማ ከመሬት ያቀለዋል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ባሌስትራው ይጎብጣል፤ መሪውም ይቀላል።

አምስተኛ፤ መኪናውን መመርመር

ጭሱን ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮውንና የቱርቦውን ቱቦዎች እዩ። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው በከተማ ከሚሠራው ቀድሞ ይደፈናል። የወረቀት ፊልትሮ በውሃ አይታጠብም፤ መጽሐፉ ባዘዘው መሠረት ይለወጣል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ወይም የራዲያተር ውሃ መግባቱን ስለሚያመለክት ጉዞ ይቁም።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ፣ የተቃጠለም ነገር ከሸተተ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

ነዳጁንም አትናቁ። በዛሬው የናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚረጨው ከጭነት መኪና ጎማ አየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት ነው። ስለዚህ ዓይን የማያየው አቧራና ጥቂት ውሃ ኢንጀክተሩን ይበላዋል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም የማለስለስ ኃይሉ ያነሰ ስለ ሆነ ፖምፓውን ይጎዳል። በበርሜል የምታስቀምጡ ከሆነ በርሜሉ ሳይነቀነቅ አንድ ቀን ይቆይ፤ ከሥሩም አትቅዱ፤ ውሃው የሚተኛው ከታች ነውና። ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውንም ውሃ መጽሐፉ በሚለው ጊዜ አፍስሱ።

በመጨረሻም በሾፌሩ ፊት ያሉትን መብራቶች ተመልከቱ። አዲስ ሞተር ጉድለት ሲሰማው ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል፤ የሞተሩንም መብራት ያበራል። ሾፌሩ «ባትሪውን ነቅዬ መልሼ ስሰካው ጠፋ» ቢል ደስ አይበላችሁ፤ በሽታው ሳይድን ማስረጃው ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። መብራቱን በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ሳትነካኩም ወደ ጋራዥ ውሰዱት።

ስድስተኛ፤ መዝገብ ያዙ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንድ ደብተር በመኪናው ውስጥ ይኑር። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፤ «ኅዳር 12 ቀን፤ ኪሎ ሜትር 3,410፤ መኪናው ላይ 35 ኩንታል፣ ተሳቢው ላይ 30 ኩንታል፤ ዳገቱን በ2ኛ ማርሽ በ9 ደቂቃ ወጣ፤ ያለ ተሳቢ 5 ደቂቃ ነበር፤ ጥቁር ጭስ፤ የሞተር መብራት በራ።» እንዲህ ያለ አሥር መሥመር «መኪናው አይጎትትም» ከሚል የአንድ ሰዓት አቤቱታ ይበልጣል።

ለሻጩ የምታመለክቱት በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውንም አስፈርማችሁ አስቀሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የገዛውን ነገር እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለትም ባገኘ ጊዜ ምንነቱን ገልጾ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። ዝም ብሎ መቆየት መብትን ያሳጣል። የዋስትናው ጊዜ ሳያልቅ ሞተሩን ሌላ ሰው እንዲፈታው አትፍቀዱ። ከጋራዥ በወጣ ቁጥር ምን እንደ ተመረመረና ምን እንደ ተለወጠ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ። ያው ጉድለት ከተመለሰ፣ የሻጩ መካኒክ ከሾፌራችሁ ጎን ተቀምጦ፣ ተሳቢው ተቀጥሎ፣ በዚያው ዳገት ላይ እንዲወጣ ጠይቁ። በከተማ አስፋልት ላይ ባዶውን የተሞከረ መኪና ስለ ዳገት አይመሰክርም።

ሰባተኛ፤ ፈጽሞ የማይደረግ ነገር

መጎተት ያቃተው መኪና «ቀለል እንዲለው» የተሳቢውን ፍሬን የሚያላሉ ወይም የአየር ቱቦውን የሚዘጉ ሾፌሮች አሉ። ዳገቱን በዚህ ዘዴ ቢወጡት ቁልቁለቱ ይጠብቃቸዋል። ከምሥራቅ ጎጃም እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በዚያ ቁልቁለት መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። የመኪናው ፍሬን የሁለቱን ክብደት ለብቻው ሲይዝ ይግላል፤ ሲግልም መያዙን ይተዋል። ያን ጊዜ የሚጠፋው እህሉ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የሚይዝ ፍሬን ይጠገናል እንጂ አይላላም። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆማችሁ የሁለቱንም ፍሬን ፈትኑ። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ውረዱ፤ በፎሌ አትውረዱ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጣችሁ አትያዙ፤ ፍጥነቱን በሞተሩ ያዙ፤ ፍሬን ጥቂት እየረገጣችሁ ልቀቁ።

እንግዲህ ገበሬዎች ሆይ! ይህን ሁሉ መርምራችሁ ጉድለቱ የጭነታችሁ ሆኖ ቢገኝ አትፈሩ፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ አንድ ሞተር ከማቃጠል ይረክሳል። የተሳቢው ሆኖ ቢገኝ ባነሰ ወጪ ይጠገናል። የመኪናው ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ደብተራችሁን ይዛችሁ በሻጩ ፊት ትቆማላችሁ። በየትኛውም ቢሆን የማኅበራችሁ ገንዘብ የሚድነው፣ ነገ ልትፈትኑት የምትችሉትን ነገር ዛሬ በግምት ባለመወሰናችሁ ነው።