ቡፔን ሃዛሪካ፦ በዜማ ያስተማረ የአሳም ባለቅኔ

በህንድ ሰሜን ምሥራቅ አሳም የሚባል ግዛት አለ። በሻይ ቅጠሉና በታላቁ የብራህማፑትራ ወንዝ ይታወቃል፤ ሕዝቡ ወንዙን ሉይት እያለም ይጠራዋል። የዚህን አገር ድምፅ ርቆ እንዲሰማ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ቡፔን ሃዛሪካ ነው። ግጥሙን ጽፎ፣ ዜማውን አውጥቶ፣ ራሱም የሚዘፍን ስለ ነበረ ሥራውን ግጥም ወይም ዘፈን ብሎ መለየት ያስቸግራል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃዛሪካ በ1926 ሳዲያ በተባለች ስፍራ ተወለደ፤ ከዐሥር ልጆችም የመጀመሪያው ነበር። በተዝፑር ከተማ ሲያድግ ጆቲፕራሳድ አጋርዋላና ቢሽኑ ፕራሳድ ራባ የተባሉ ታዋቂ የጥበብ ሰዎች ተሰጥዎውን ተረድተው ረዱት። በ1936 ካልካታ ውስጥ የመጀመሪያ ዘፈኑ በሸክላ ተቀረጸ። በ1939ም አጋርዋላ ባዘጋጀው «ኢንድራማላቲ» በተባለው ፊልም ዘፈነ። ልጅነት ላይ የታየ ተሰጥዎ አይቶ የሚያሳድገው ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚያፈራ ከዚህ እንረዳለን።

ሃዛሪካ በዘፈን ብቻ አልተወሰነም። በ1946 ከባናረስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ የማስትሬት ዲግሪ አገኘ። በ1949 ወደ ኒው ዮርክ ተጉዞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1952 የዶክትሬት ትምህርቱን ፈጸመ። የጥናቱ ርዕስ በተለይ መምህራንን የሚመለከት ነው፤ በሚታዩና በሚሰሙ የትምህርት መሣሪያዎች ጎልማሶችን ለማስተማር የህንድ መሠረታዊ ትምህርት እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት የሚመረምር ነበር። ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ በ1951ዱ ቆጠራ መሠረት ማንበብና መጻፍ የሚችለው የህንድ ሕዝብ ከመቶ 18 ያህል ብቻ ነበርና። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ዕውቀት በዓይንና በጆሮ ሊደርሰው ይችላል።

አሜሪካ ሳለ ጥቁሩን ዘፋኝ ፖል ሮብሰንን አወቀ። ሮብሰን ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ የሚዘፍነው ዘፈን ልቡን ስለ ነካው ከዚያ በመነሣት በአሳም ቋንቋ የራሱን ዘፈን ደረሰ። ይሁን እንጂ ቃል በቃል አልተረጐመም። በመጀመሪያው ዘፈን የደከመ ሠራተኛ ዝም ብሎ ስለሚፈሰው ወንዝ ይናገራል፤ በሃዛሪካ ዘፈን ግን ዘፋኙ ሉይትን ፊት ለፊት እያነጋገረ፣ በዳርቻው ያለው ሕዝብ ሲቸገር ስለ ምን ዝም ብሎ እንደሚፈስ ይጠይቀዋል። በቤንጋሊኛና በሂንዲ ሲዘፈን ደግሞ ሉይት በጋንጅስ ተተክቷል። ሐሳቡ አንድ ሆኖ ወንዙ የአድማጩ የራሱ ወንዝ ሆነ።

ሌላው ታዋቂ ዘፈኑ ባላባቱን በትከሻቸው ተሸክመው ዳገት ስለሚወጡ ድሆች ነው። የተሸካሚዎቹ እርምጃና ትንፋሽ በምቱ ውስጥ ይሰማል፤ ስለዚህ አድማጩ ስለ ግፉ ከመነገሩ በፊት ክብደቱ ይሰማዋል።

የዘፈን ኃይል የተፈተነው በ1960 ነበር። በዚያ ዓመት የአሳም የሥራ ቋንቋ ጉዳይ በአሳምኛና በቤንጋሊኛ ተናጋሪዎች መካከል ግጭት አስነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሃዛሪካና ቤንጋሊኛ ተናጋሪው ባለቅኔ ሄማንጋ ቢስዋስ የዘፋኞች ቡድን ይዘው ግጭት በነበረባቸው ቦታዎች እየተዘዋወሩ ስለ ሰላም ዘፈኑ። ዘፈን ብቻውን ጠብን አያጠፋም፤ ሆኖም ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸው ራሱ ትምህርት ነበር።

ከ1967 እስከ 1972 የአሳም ምክር ቤት አባል ሆኖ ሠርቷል። በ2004 ለህንድ ፓርላማ ተወዳድሮ ግን አልተመረጠም። በ2011 ሙምባይ ውስጥ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። በ2017 በተወለደበት ሳዲያ አጠገብ የተመረቀው 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ድልድይ በስሙ ተሰየመ፤ በ2019ም «ባራት ራትና» የተባለው የህንድ ከፍተኛ የክብር ሽልማት ከሞተ በኋላ ተሰጠው።

መምህራን ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሊሠሩበት ይችላሉ። ተማሪዎች በአካባቢያቸው ያለውን ወንዝ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ መልሱንም በአራት ወይም በስድስት ስንኝ ጽፈው በዜማ ያሰሙ። ያን ጊዜ ግጥም ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ሳይሆን የኑሮ መጠየቂያ መሆኑን በራሳቸው ይደርሱበታል።