በደጋ አገር በብርድ ወራት ስለ ዶሮዎች አያያዝ

በደብረ ብርሃንና በመንዝ፥ ይህንንም በመሰለው ደጋ ሁሉ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ ውርጭም ይወርዳል። ይኸው ጊዜ ደግሞ ገናና ጥምቀት የሚውሉበት፥ የዶሮም ዋጋ ከፍ የሚልበት ነው። ስለዚህ ከዶሮና ከእንቁላል በቀር ለጨውና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ የማታገኝ ባላገር ሴት፥ በዚህ ወራት ዶሮዎቿ ቢያልቁባት ጉዳቷ የዓመት ነው።

ብዙ ሰው ዶሮን የሚገድላት ብርዱ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ላባዋንም ነፍታ በመካከሉ አየር ስለምትይዝ፥ ያደገች ዶሮ ደርቃ ካደረች የደጋውን ብርድ ትችለዋለች። የሚጐዳት እርጥበትና በቀጥታ የሚመታት ነፋስ ነው። ብርድ እንከላከላለን ብለው የዶሮውን ቤት ከላይ እስከ ታች በጭቃ የሚደፍኑ አሉ፤ ይህ ከብርዱ የባሰ ነው። የዶሮዎቹ እስትንፋስ እንፋሎትና ከኩሳቸው የሚነሣው የሚያቃጥል ሽታ መውጫ ሲያጣ ሳንባቸው ይታመማል፥ ላባቸውም ይረጥባል። ስለዚህ ግድግዳው ከቆጡ በላይ ድረስ በደንብ ይመረግ፤ ከጣራው ሥር ግን አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተውለት። በወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ፤ ሲረጥብም ይለወጥ። ቆጡ ጠፍጣፋና ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ሰፊ ቢሆን፥ ዶሮዋ ስትቀመጥ እግሯን በሆዷ ላባ ስለምትሸፍነው ከውርጭ ይድናል። በቤቱ ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው።

ማታ ቆጥ ከመውጣታቸው በፊት ጥቂት ገብስ ወይም ስንዴ ቢጨመርላቸው፥ ሌሊቱን ሲፈጭ ሰውነታቸውን ያሞቀዋል። በአውሮፓ በብርድ ወራት እንቁላል የሚቀንሰው በአብዛኛው ቀኑ ስለሚያጥር ነው፤ በኢትዮጵያ ግን የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለወጥ፥ ዶሮዋ መጣል ብታቆም አስቀድሞ መኗን መመርመር ይሻላል።

የጫጩት ነገር ልዩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል። እናት የሌላቸው ጫጩቶች በዙሪያው ድርቆሽ በተጠቀጠቀበት ሣጥን ውስጥ ቢያድሩ የገዛ ሙቀታቸው ይጠብቃቸዋል፤ ሣጥኑም አየር ማስገቢያ አይጣ።

የወረዳ ሹም በአንድ ቀበሌ ዶሮ አለቀ የሚል ወሬ ሲደርሰው፥ «ብርድ መታቸው» በሚል መልስ ብቻ ሊረካ አይገባውም። በጥቂት ቀን ብዙዎቹ ከሞቱ፥ አረንጓዴ ተቅማጥ ከታየባቸው ወይም አንገታቸው ከተጠማዘዘ ፈንግል መሆኑ ያጠራጥራል። ፈንግል የሚመጣው ከብርድ ሳይሆን ከተላላፊ ቫይረስ ነው፤ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፥ አስቀድሞ በክትባት ግን ይከላከሉታል። ስለዚህ ክትባቱ የበዓል ገበያ ሳይደርስ ይሰጥ። ከገበያ የተገዛች ዶሮም ሦስት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ትቆይ። በሽታው በገባበት ቤት የተረፉት ዶሮዎች ወደ ገበያ አይውጡ፤ የሞቱትም በጥልቅ ይቀበሩ ወይም ይቃጠሉ እንጂ ለውሻ አይጣሉ።