ማኅደር፦ መብራት የማይጠይቀው መጽሐፍ ቤት

አካባቢን የማይጎዳ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሶላር መብራትና ውድ ሕንፃ ነው። የወሎ ቦረናና ሳይንት ደገኛ ግን ጉዳዩን ጥንት፣ የብራና መጽሐፍ በሚያዝበት በቆዳ ማኅደር ጨርሶታል።

ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ፣ ገበታው እንጨት፣ ብዕሩ መቃ፣ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ማኅደሩን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው፤ ልብ ያለውም መሸከሚያ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም!

ብራና ቆዳ ነውና አየሩ ሲረጥብ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲደርቅ መልሶ ይተፋል። ይህ ቶሎ ቶሎ ከተፈራረቀበት ይኮማተራል፤ ቀለሙም ይረግፋል። ማኅደር ለውጡን ያዘገየዋል፤ እርጥበቱን መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚያሳልፈውም ቀስ እያለ ነው። መጽሐፉ ልክክ ብሎ የሚገባበት ኪስ፣ ከላይ የሚደፋ ክዳን፣ ከዚያ ማንገቻ አለው። በማንገቻው ኩላብ ላይ ሲሰቀል ክረምት ከሚያረጥበው ወለል፣ ከምስጥና ከአይጥ ይርቃል፤ ዙሪያውንም ነፋስ ያገኛል።

በዚሁ አገር በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የብራና ዳዊት በፌስታል ታስሮ አይቻለሁ። ዕቃ ቤት ጠባቂው «ጠብታ እንዳይነካው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሲፈቱት የፌስታሉ ውስጥ አልቦታል፤ ሻጋታም ሸተተን። አሳቢነታቸው የሚመሰገን ነው፤ ፌስታል ግን የውጭውን ጠብታ ከልክሎ የውስጡን እርጥበት ያፍናል። እባካችሁ፣ ብራና በፌስታል አትጠቅልሉ! ጧፍም አታስጠጉበት።

በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ የገቡት 350 ያህል መጻሕፍት ሙቀቱና እርጥበቱ በመሣሪያ በሚመጠን ግምጃ ቤት ይጠበቃሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ግን እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለእኛ ደርሷል።

የቦረናዋ ከተማ መካነ ሰላም ከፍታዋ 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱ በነፃ ነው። በከተማዋ ለወረቀት መጽሐፍ ቤት የሚሠራ ሁሉ ከማኅደር ይማር፦ መደርደሪያውን ከወለል ያንሣ፣ ከግድግዳም ያርቅ፤ ነፋስ እንዲያልፍ መስኮቶቹን ትይዩ ያውጣ፤ ጣሪያው እንዳያፈስ ይጠብቅ። ማቀዝቀዣ ከመግዛት በፊት የሚሠራው ይህ ነው።