የብልት ሄርፒስ ጥርጣሬ፦ ምልክቱ የታየበት ቀንና ቫይረሱ የገባበት ቀን

መግቢያ

በብልቱ አካባቢ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ወይም የሚያሙ ቁስሎች የወጡበት ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ፣ «ሄርፒስ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ግምት ይዞ ሊመለስ ይችላል። በሀገራችን የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና በአብዛኛው የሚሰጠው በሚታዩ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ግምቱ በቤተ ሙከራ ሳይረጋገጥ መድኃኒት መጀመር የተለመደ ነው። አሠራሩ ሕክምናን ያፋጥናል፤ ታካሚውን ግን በጥርጣሬ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። በዚህ ጊዜ «እንዴት እድናለሁ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ከማን ያዘኝ?» የሚለውም አብሮ ይነሣል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በምርመራ የማይመለስበትን ምክንያትና ይህ ዕውቀት በምክር አገልግሎት ሊኖረው የሚገባውን ቦታ ያብራራል።

የቫይረሱ ባሕርይ

የበሽታው መንሥኤ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ሲሆን ሁለት ዓይነቶች አሉት። ዓይነት 1 በአብዛኛው በከንፈር ላይ የሚወጣውንና በተለምዶ «ምች» የሚባለውን ቁስል ያስከትላል፤ በአፍና በብልት ንክኪ ወደ ብልትም ሊተላለፍ ይችላል። ዓይነት 2 በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሕዝቦች 13 በመቶው፣ ማለትም 520 ሚሊዮን ያህሉ፣ በዓይነት 2 ተይዘዋል። አብዛኞቹ ምልክት የማይታይባቸው ወይም ቀላል ምልክት ታይቶባቸው ያላስተዋሉት ናቸው።

ቫይረሱ በቆዳ ወይም በስስ ሽፋን በኩል ከገባ በኋላ ወደ ነርቭ ሕዋሳት ዘልቆ ይሸሸጋል፤ በየጊዜውም እየነቃ ወደ ቆዳ ይመለሳል። የመጀመሪያው ምልክት ከ2 እስከ 12 ቀናት ባለው ጊዜ ሊታይ ቢችልም፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚታየው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ቁስል የግድ አዲስ መያዝን አያመለክትም፤ በራሱም የትዳር ጓደኛ አለመታመን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ምርመራው የሚናገረውና የማይናገረው

ከትኩስ ቁስል በተወሰደ ናሙና ላይ የሚደረግ የፒሲአር ምርመራ ቫይረሱን ከነዓይነቱ ይለያል። ቁስሉ መድረቅ ከጀመረ ግን ውጤቱ ቫይረሱ እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የደም ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ይህም በበቂ መጠን እስኪፈጠር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሦስት ወር በላይ ይወስዳል። ዝቅተኛ አዎንታዊ ውጤትም ስሕተት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ዘዴ መረጋገጥ ይኖርበታል። አይጂኤም የተባለው ምርመራ በሽታው ሲያገረሽም አዎንታዊ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ መያዝን ከቆየው ለመለየት አያገለግልም። በቁስሉ ላይ ቫይረሱ ተገኝቶ በደም ውስጥ የዚያው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ከሌለ፣ መያዙ የቅርብ ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ከዚህ ውጭ የተያዙበትን ቀን መወሰን አዳጋች ነው።

በጥርጣሬው ወቅት

ውጤት እስኪገኝ መጠበቅ ሕክምናን ማዘግየት ማለት አይደለም። አሲክሎቪርና መሰል መድኃኒቶች ቫይረሱን ከሰውነት ባያስወግዱም፣ በወቅቱ ሲጀመሩ ሕመሙን ይቀንሳሉ፣ የቁስሉንም ዕድሜ ያሳጥራሉ። የብልት ቁስል ቂጥኝን በመሰሉ ሌሎች በሽታዎችም ስለሚከሰት የቂጥኝ ምርመራ አስፈላጊ ነው። ዓይነት 2 በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል በሦስት እጥፍ ያህል ስለሚጨምር የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ሊደረግ ይገባል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ይገባል። ከዚያ በኋላም ቫይረሱ ያለ ምልክት ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ኮንዶም አደጋውን የሚቀንስ እንጂ ፈጽሞ የሚያስቀር አለመሆኑን ማወቅ ያሻል። ነፍሰ ጡር እናት፣ በተለይም በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ምልክት የታየባት፣ ለሐኪሟ ሳትዘገይ መንገር አለባት፤ በዚያን ጊዜ አዲስ የተያዘች እናት ቫይረሱን ለሕፃኑ የማስተላለፍ ዕድሏ ከፍተኛ ነውና።

የመንፈስ ጭንቀቱ ምንጭ ግን በአብዛኛው ኀፍረት ነው። ከንፈሩን ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴ አሽቶ ሲቀባ ማንም ስለ ምግባሩ አይጠይቀውም። ያው ቫይረስ ወይም የቅርብ ዘመዱ በብልት ላይ ሲወጣ ግን የሥነ ምግባር ፍርድ ይከተላል። በሽታው የመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከባድ ሆኖ፣ በማገርሸት ብዛቱ ግን በጊዜ ሂደት እየቀነሰ እንደሚሄድ ማስረዳት ፍርሃቱን ያለዝባል። ለትዳር ጓደኛ መንገርን በተመለከተም፣ «ሐኪሙ ሄርፒስ ጠርጥሯል፤ መቼ እንደገባ አይታወቅም፤ ሁለታችንም እንመርመር» የሚል ንግግር ከውንጀላ ይልቅ ለመተጋገዝ በር ይከፍታል።

ማጠቃለያ

ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን ከመድኃኒቱ ጋር ሊሰጠው የሚገባው መረጃ አጭር ነው፦ ምልክቱ የታየበት ቀን ቫይረሱ የገባበት ቀን ላይሆን ይችላል። ይህ ሳይነገር ከቀረ፣ ታካሚው ምርመራው ያልሰጠውን መልስ ራሱ ይፈጥራል፤ የቤተ ሙከራ ውጤት ሳይደርስም ትዳር ሊናጋ ይችላል። በመሆኑም ምልክትን መሠረት ያደረገው ሕክምና ይህን መሰሉን ምክር እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ሳይሆን እንደ ሕክምናው አካል ሊያካትተው ይገባል።