መሬት ስንት ተላወሰች?

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ደባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ተሰነጠቀች። ላይ ላይ የታየው ስንጥቅና መጠነኛ የአመድ ፍንዳታ ነበር። የአውሮፓዋ ሳተላይት ኤንቪሳት ከዚያ በፊትና በኋላ ያነሳቻቸው የራዳር ምስሎች ሲነጻጸሩ ግን ከሥር የተፈጸመው ታወቀ፤ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ሰርጎ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ድረስ አራርቆታል። ያን በረሃ በእግር ዞሮ በሜትር ለክቶ መጨረስ የሚታሰብ አይደለም። የራዳር ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው፦ የመሬትን ለውጥ ከወሬ አውጥቶ ወደ ልክ ያመጣዋል።

ተራ የሳተላይት ካሜራ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ደመና ይጋርደዋል። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ መልሶ ስለሚቀበል ሌሊትም ክረምትም አያግደውም። የሕዳሴው ግድብ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ሲጀምር ሰማዩ ደመና ቢሆንም የሐይቁ መስፋት በራዳር ይታይ ነበር፤ ጸጥ ያለ ውኃ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣልና። የመሬት መንቀሳቀስ የሚለካው ደግሞ ሞገዱን ከሞገድ በማስተያየት ነው። ሴንቲኔል-1 የተባለችው የራዳር ሳተላይት የምትልከው ሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሳተላይቷ በዚያው መንገድ ስትመለስ መሬቱ ቀርቧት ወይም ርቋት ከሆነ የሚመለሰው ሞገድ ይዛነፋል። ባለሙያዎች ዝንፈቱን በቀለም ይሥሉታል፤ ከቀይ ተነሥቶ በቢጫና በሰማያዊ አልፎ ወደ ቀይ የሚመለስ አንድ ቀለበት 2.8 ሳንቲ ሜትር ያህል መላወስን ይናገራል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት የሄደበትን መስመር ያሳዩት እንዲህ ያሉ ቀለበቶች ናቸው።

«ይህ ሁሉ እየታየ ሕዝቡ በድንጋጤ ቀዬውን ጥሎ ከወጣ ምን ረባ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ራዳር አይተነብይም። ሳተላይቷ በየ12 ቀኑ ብትመለስ በመካከሉ የሆነውን አታይም፤ ቅጠሉ በሚለዋወጥ ጥቅጥቅ ደን ላይም ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያውም ጂፒኤሱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ንዝረት መለኪያው መቼ እንደተናጠ በሰከንድ ቢናገርም፣ የቱ መንደር ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ በካርታ ዘርግቶ የሚያሳይ ራዳር ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። «የባዕድ መሣሪያ ነው» ለሚለውም፣ የሴንቲኔል መረጃ ለማንም በነጻ የተከፈተ ነው። የሚያንሰን በየጊዜው አውርዶ የሚያነብ ባለሙያና ንባቡን የሚቀበል ወረዳ ነው፤ ቀለበቱ «ከዚህ ስንጥቅ ራቁ፣ በዚያ በኩል ውጡ» ወደሚል ቃል ካልተመለሰ ለአርብቶ አደሩ የቀለም ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።