የዱባይ ላይሰንስ ዋጋና የድርጅቱ እውነተኛ ወጪ

“ላይሰንሱ ስንት ነው?” ዱባይ ላይ ድርጅት ለመክፈት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ደላላውም ማስታወቂያውም መልስ የሚሰጡት ለዚሁ ጥያቄ ብቻ ነው። የሚነገረው ዋጋ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የወረቀቱ ዋጋ እንጂ የድርጅቱ ዋጋ አይደለም። ከዕቁብና ከቤተሰብ ብድር ያሰባሰቡትን ይዘው የሚሄዱ፣ ወይም እዚያው ለዓመታት በሰው ቤት ሠርተው ያጠራቀሙትን የሚያፈሱ ወገኖቻችን ገንዘባቸውን የሚያጡት በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ተረት፦ “ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ሁሉንም ያጠቃልላል።”

እውነታው፦ በትልቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ቪዛ የሌለበት የፍሪ ዞን (የነፃ ንግድ ቀጠና) ፈቃድ ዋጋ ነው። ቪዛ ካስፈለገ ለድርጅቱ የኢሚግሬሽን ካርድ ይወጣል፤ ከዚያ ለባለቤቱ የመግቢያ ፈቃድ፣ የጤና ምርመራ፣ የኤምሬትስ መታወቂያና የጤና መድን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ሠራተኛ ሲቀጠር ይኸው ወጪ በሰው ቁጥር ይበዛል። የሠራተኛውን የቪዛ ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ከደመወዝ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ውክልና ወይም የትምህርት ማስረጃም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ መረጋገጥና መተርጎም አለበት፤ በየደረጃው ክፍያ አለ።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው እድሳቱ ነው። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቅናሹ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ የሆነባቸው ጥቅሎችም አሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመጀመሪያውን ዓመትና የሁለተኛውን ዓመት ወጪ ጎን ለጎን በጽሑፍ ያስዘርዝሩ። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ደላላ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ተረት፦ “ፍሪ ዞን ላይሰንስ ካለኝ ዴራ ሱቅ መክፈት እችላለሁ።”

እውነታው፦ በእሱ ብቻ አይችሉም። ዴራ በሚባለው የዱባይ የገበያ ሰፈር ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት ወይም የካርጎ ሱቅ ለመክፈት ከዱባይ የኢኮኖሚና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሜይንላንድ (ከፍሪ ዞን ውጭ ያለው ከተማ) ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ ደግሞ ቤት፣ ለቤቱም ኢጃሪ በሚባለው ሥርዓት የተመዘገበ የኪራይ ውል ይጠየቃል። ትልቁ ወጪ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የዱባይ ኪራይ እንደ አዲስ አበባ በየወሩ የሚከፈል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱ ኪራይ በጥቂት ክፍያዎች ተከፋፍሎ ቀናቸው ወደፊት የተጻፈ ቼኮች ገና ሲፈራረሙ ለአከራዩ ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ወዲያው ይመነዘራል። መያዣና የደላላ ኮሚሽን ይጨመርበታል። ምግብ ቤት ከሆነ የማዘጋጃ ቤቱና የሲቪል መከላከያው ፈቃድ ሳይገኝ በሩ አይከፈትም፤ የጭስ ማውጫው፣ የወለሉ ቁልቁለት፣ የእሳት ማጥፊያው ሁሉ ይፈተሻል። አንዱ ጉድለት ከተገኘ ሥራው ይደገማል። በነዚህ ወራት ሁሉ ኪራዩ ይቆጥራል፤ አንድ ሰሐን እንጀራ ሳይሸጥ የሁለተኛው ቼክ ቀን ሊደርስ ይችላል። ሒሳቡ ባዶ ሆኖ የተመለሰ ቼክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቀጥታ ወደ ፍርድ አፈጻጸም የሚወሰድ ሰነድ ሆኗል። ስለዚህ ከመክፈቻው በፊት ያለውን የኪራይ ጊዜ በጀት ውስጥ ያላስገባ ሰው በጀት አለኝ ባይል ይሻላል።

በተቃራኒው፣ ሳያስፈልግ የሚከፈል ወጪም አለ። “51 በመቶው ድርሻ የአገሬው ሰው መሆን አለበት” የሚለው አሁንም ይወራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የሕግ ማሻሻያ ለአብዛኞቹ የንግድ ዘርፎች ለውጭ ሰው ሙሉ ባለቤትነት ፈቅዷል። ዘርፍዎ ከተፈቀዱት ውስጥ ከሆነ ለስም ሽርክና በየዓመቱ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም።

ተረት፦ “ዱባይ ታክስ የለም።”

እውነታው፦ ይህ ወሬ ብዙ ሰው አስቀጥቷል። 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አለ፤ በ12 ወር ውስጥ ከ375,000 ድርሃም በላይ የሸጠ መመዝገብ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ወዲህ ለሚጀምሩ የሒሳብ ዓመታት ደግሞ የድርጅት ታክስ መጥቷል፤ ከ375,000 ድርሃም በላይ ባለው ትርፍ ላይ 9 በመቶ። ታክስ የሚከፈልበት ትርፍዎ 500,000 ድርሃም ቢሆን ታክሱ የ125,000ው 9 በመቶ፣ ማለትም 11,250 ድርሃም ነው። ሽያጫቸው ከ3 ሚሊዮን ድርሃም ለማይበልጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2026 መጨረሻ የሚቆይ እፎይታ አለ፤ ግን በታክስ ማስታወቂያው ላይ ካልመረጡት አያገኙትም።

ሰው የሚሳሳተው በሒሳቡ ሳይሆን በምዝገባው ነው። ትርፍ ባይኖርም፣ ፍሪ ዞን ውስጥም ቢሆኑ፣ ለኩባንያ መመዝገብና በየዓመቱ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ዘግይቶ የመመዝገብ ቅጣት 10,000 ድርሃም ተደንግጓል፤ ለአንዲት ትንሽ ድርጅት የአንድ ዓመት ፈቃድ ሊያሳድስ የሚችል ገንዘብ። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በበጀቱ ይግባ።

የሠራተኛ ስንብት ክፍያም እንዲሁ ነው። አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ያገኛል። መሠረታዊ ደመወዙ 3,000 ድርሃም ለሆነ ሰው በዓመት 2,100፣ በወር 175 ድርሃም ቢቀመጥ ሲሰናበት አያስደነግጥም።

ተረት፦ “ላይሰንስ ካለ የባንክ ሒሳብ ወዲያው ይከፈታል።”

እውነታው፦ ባንክ የማስተናገድ ግዴታ የለበትም። የገንዘቡን ምንጭና የሥራውን ዓይነት ይጠይቃል፤ ሳምንታት ሊፈጅ፣ እምቢም ሊል ይችላል። ብዙዎቹ ባንኮች ዝቅተኛ ተቀማጭ ይጠይቃሉ፤ ያ ገንዘብ የእርስዎ ቢሆንም ለሥራ አይውልም።

በብር ለሚያቅድ ሰው አንድ ነገር ይጨመር። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ 16 ብር ያልሞላው ድርሃምም 27 ብርን ዘለለ። በብር የተሠራ በጀት ምንም ሳይሸጥበት ወደ ግማሽ ግድም ወረደ ማለት ነው። በጀትዎን በድርሃም ይሥሩ፤ ገንዘቡንም በሕጋዊ መንገድ ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ ባንኩ ምንጩን ሲጠይቅ የሚያሳዩት ወረቀት ያስፈልግዎታል።

የሁለተኛው ዓመት ፈቃድ፣ ቪዛና ኪራይ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ እጅዎ ላይ ካልታየ፣ የመጀመሪያውን አይክፈሉ።